የቁጥር አሥራ ሰባት ቁልፎች

አባቴ ሲሞት ኑዛዜው አጭር ነበር፣ ግማሽ ገጽ አልሞላ፤
«ለሌዎኒልድና ለአቢሊዮ፣ ሕንጻው እኩል ይከፈል» ይላል። ሌላ?
ሌላ ምንም።

የሴቱባል ወደብ ዳር፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣
ከታች ሦስት ሱቆች፣ ከላይ ጨው የበላው መጋዘን ያለበት፤
ጣሪያው በክረምት የሚያለቅስ፣ በበጋ የሚንጣጣ፣
ግብሩ በየግንቦቱ ሳይጠራ የሚመጣ።
ቁልፎቹ አሥራ አንድ ናቸው። በሮቹ ስምንት።
ሦስቱ ምን እንደሚከፍቱ የሚያውቀው ሰው ሞቷል።

አቢሊዮ ከሊዮን ይደውላል፤ ንግግሩ እንደ ደረሰኝ አጭር ነው፦
«እንሽጠው። ድንጋይ አይበላም። ልጆቼ ገና ተማሪ ናቸው።
ጣሪያው ብቻ ሃያ ሺህ ዩሮ ይውጣል፤ ካለሽ አውጪ፣
ከሌለሽ ከሕልምሽ ውጪ።»

ልክ ነው። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ልክ መሆኑን አውቃለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ልጆችን ማካፈል አስተምሬአለሁ።
ሦስት ሱቅ ለሁለት ሲካፈል ግን አንድ ይተርፋል፤
በተረፈው ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሰዓት ይፈታል።

ዜፈሪኖ። አርባ አንድ ዓመት እዚያው መስኮት ሥር፣
አንድ ዓይኑን በማጉያ ሸፍኖ ከጥቃቅን ጥርሶች ጋር ሲማከር።
ኪራዩ ስልሳ ዩሮ ነው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም ሳቅሁ።
አጠገቡ ያለው ካፌ ዘጠኝ መቶ ይከፍላል፣ ጠይቄ አወቅሁ።

ደላላው መጣ፤ ጎንሳሎ ይባላል፤ ጫማው አዲስ፣
ከእጁ ቀይ ነጥብ ይወጣል፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚገሠግሥ።
ሕንጻውን በብርሃን ለካው። የዜፈሪኖ ድመት ነጥቡን ልትይዝ ዘለለች፣
ስታጣው መዳፏን አገላብጣ አየች።
«ሆቴል ይወጣዋል» አለ፣ «ትንሽዬ፣ ለቱሪስት የምትመች»፤
ወረቀት ላይ የጻፋት ቁጥር ከሠላሳ ዓመት ደመወዜ በለጠች።

በጓሮ በኩል ወደ መጋዘኑ የሚያወጣው ሦስተኛው ድንጋይ መሃሉ ጎድጓዳ ነው፤
የአባቴ ተረከዝ የቆፈረው ይመስለኝ ነበር፤ እወደው ነበር እንደ ሰው።
ዜፈሪኖ ሳቀብኝ፦ «ተረከዝ? የተቀደደ አሸንዳ ነው፤
አርባ ዓመት ጠብ ጠብ ያለ። አሠራው ስለው ነገ ይለኛል አባትሽ፤ ነገው ይኸው።»

በዚያች ሌሊት ሦስቱን ባዳ ቁልፎች ይዤ ወጣሁ፤
አንደኛው የቆርቆሮ ሣጥን ከፈተ፤ የኪራይ መዝገብ አገኘሁ።
የአባቴ ጽሕፈት፣ ጠባብ፣ እንደ ዓሣ አጥንት፦
«ከዜፈሪኖ ብድር፣ አሥራ ስምንት ሺህ፣ ለባንክ ሊሄድ ሲል ይህ ቤት፤
ከኪራዩ በየወሩ መቶ ይቀነስ።» ለእኛ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤
የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ ልጅ ግን ዕዳ መኖሩን አላወቀም።

እርሳስ አወጣሁ፤ ቀነስሁ፣ ቀነስሁ፤
ዕዳው ካለቀ ሰባት ዓመቱ፤ ደግሜ ብቆጥር እዚያው ደረስሁ።
ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዱ ስልሳ ሲሰጥ፣ አንዱ ስልሳ ሲቀበል፣
ማን ነው ያታለለው? ማንስ ነው የሚታለል?
ሁለቱም መቁጠር ያውቁ ነበር።

ጠዋት ሱቁ ገባሁ። መዝገቡን ከሰዓቶቹ መሃል ዘረጋሁ።
ማጉያውን ሳያወልቅ አነበበ። «አውቃለሁ» አለ፣ «አውቃለሁ።
አባትሽ ጨምር ማለት አፍሮ፣ እኔ ልጨምር ማለት ሰስቼ፣
እንዲሁ ቀረን። የምትሸጪው ከሆነ ቀድመሽ ንገሪኝ፤
የሰው ሰዓት አለብኝ፣ ልመልስ ለይቼ።»

ለአቢሊዮ ደወልሁ። ሁሉንም ነገርሁት። በዝምታው ውስጥ የሊዮን ትራም ሲያልፍ ሰማሁ።
«ታዲያ ይሸጣል ወይስ አይሸጥም?» «እንጃ» አልሁ።
ግጥም ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ቤት ይመታ ነበር፤
የእኔ ቤት ግን ያፈሳል።

ሐሙስ ዕለት አሸንዳ ሠሪው መጣ። ሦስት መቶ አርባ ዩሮ።
የሚሸጥም የማይሸጥም ቤት ውሃ አይወድም፤
ወንድሜ ግማሹን ላከ፣ እስከ ሳንቲሙ ቆጥሮ።
ማታ ዘነበ። ጓሮ ቆሜ አዳመጥሁ፤ ጠብታው የለም።
ሦስተኛው ድንጋይ ያቆረውን ውሃ ድመቷ ትልሳለች፤
ኪሴ ውስጥ ሁለት ቁልፎች ቀርተዋል፣ በራቸውን ገና ያላገኘሁላቸው።